ደረቅ ቢጫ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ጠብታውን ከክሩ ግርጌ አስቀመጥኩ፣ መውጣት ጀመረ፣ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ቀጥ። ተሳፋሪ ካልሞላ አልሄድም እንደሚል የዱራሜ ሚኒባስ። ሰደብኩት። የምሳደበው ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ነው፤ ዛሬ ግን አማካሪዬ ዶክተር ሀብታሙ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«ለምን ቆመ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ለምን እንደቆመ ካላወቅሽ፣ ሲሄድም ለምን እንደሄደ አታውቂም» ብለው ወጡ። እኚህ ሰው አንድ ቀን እንኳ «በርቺ» ቢሉኝ ምን ነበረበት።

ሰው ምንድነው የምትማሪው ሲለኝ ሁልጊዜ እንተባተባለሁ፤ እስኪ እዚህ ልሞክረው። የማጠናው በጣም ትንሽ ፈሳሽ እንዴት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚታዘዝ ነው። ትንሽ ማለት ከእንባ ጠብታ የሚያንስ፣ ከፀጉር ብዙም በማይሰፋ ቦይ ውስጥ የሚያልፍ። እዚያ ውስጥ የውሃ ጠባይ ሌላ ነው። አይናወጥም፣ አይረጭም። ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ቢለቀቁ ሳይደባለቁ ተከባብረው ይሄዳሉ። ማንም ሳይገፋው ሽቅብ ይወጣል፣ ጋዝ በኩራዝ ክር ላይ እንደሚወጣው። ውጭ አገር ቦዩን መስታወትና ፕላስቲክ ላይ ይቀርጹታል። እኛ ያ ማሽን የለንም። ጥጥ ሞከርኩ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ከዚያ እናቴ ከእንሰት የምታወጣውን ቃጫ ሞከርኩ፣ ሄደ። ጓደኞቼ «ባለ ገመዷ» ይሉኛል። ይበሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። የክሩ አንድ ጫፍ ሽንት ውስጥ ይገባል። ክሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስቦ ያወጣና በሌላው ጫፍ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታክል ቢጫ ወረቀት ያርሳታል። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ካለ ቢጫው አረንጓዴ ይሆናል። ነፍሰ ጡር ላይ አረንጓዴ ማለት የደም ግፊቱ ኩላሊቷን ነክቷል፣ ቶሎ ሆስፒታል ትሂድ ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ ሽንቷ ንጹሕ ነው። መመርመሪያ ባለቀበት ጤና ኬላ ሁሉ እናቴ በፋቀችው ቃጫ እናቶች ሲተርፉ ይታየኛል። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ይሄ ነው።

ዶክተር ሁለተኛ ነጥብ ጨምሪ ይላሉ። ፕሮቲን ኖረም አልኖረም ፈሳሽ ሲነካት ቀይ የምትሆን፣ ጠብታው መድረሱን ብቻ የምትመሰክር። ገብቶኛል። ግን ሁለተኛ ነጥብ ማለት ሌላ ክር፣ ሌላ ልክ፣ ሌላ ስንት ሳምንት ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ ደግሞ ደርሷል። ከዲፌንስ በኋላ እጨምራለሁ አልኳቸው።

ቃጫዬ ሊያልቅ ነው። ለእናቴ ለአማ ደውዬ ነገርኳት። እስከ ዓርብ ድረስ አዘጋጅልሻለሁ አለች፤ ድምፅዋ የሠርግ ጥሪ የደረሳት ሰው ድምፅ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፤ ወይም ናፍጣ አለው፣ ቁልፉን የያዘው ሰው የለም። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። መስኮት ዳር ተቀምጬ የቀሩኝን ክሮች በፀሐይ ብርሃን ሞከርኩ። አብዛኞቹ እስከ ጫፍ ሄዱ። ትንሽም ብትሆን ድል ናት።

ቀትር ላይ ፀጊ ደወለች። ፀጋነሽ ታላቄ ናት፣ ዳምቦያ ነው የምትኖረው፣ ከአማ ቤት አጠገብ። ስምንተኛ ወሯ ገብቷል። ስንት ዓመት ጠብቃ፣ ሁለት ጊዜ አስወርዷት፣ ይሄኛው ነው የቆመላት። ጫማዋ እምቢ ስላላት የባሏን ሲሊፐር አድርጋ እንደምትዞር እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ አልሳቅሁም። ራስሽንስ ያምሻል ወይ አልኳት። «ትንሽ» አለች። ፀጊ ትንሽ ስትል ብዙ ማለት ነው። ልጅ ሆነን ክንዷ ተሰብሮ ትንሽ አሞኛል ብላ ነው እራት የበላችው።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ግፊቷን ለክታ ከፍ ብሏል፣ ሆስፒታል ሂጂ ብላታለች። ባሏ ደረጀ ለቅዳሜ ከሰው መኪና ለምኗል። ደረጀ አስተማሪ ነው፣ ደግ ነው፣ ግን ለማንኛውም ነገር ሌላ ሰው ቢወስንለት ይመርጣል። ስልኩን ተቀብሏት «ማርቲ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ትሂድ እንጂ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልያዝ አለኝ። ዲፌንስ፣ ቃጫ፣ የቤት ኪራይ፣ የፀጊ እግር። የፀጊ እግር ከሁሉም በላይ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ዳምቦያ ነኝ። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ከድንች ጆንያ ጋር ተጣብቄ፣ ከዚያ በሌላ ሚኒባስ። ልብሴ አፈር አፈር ይላል።

አማ ቃጫውን ይዛ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። ቃጫ አይደለም፣ ጌጥ ነው! ነጭ፣ ለስላሳ፣ ብርሃን የሚመልስ፣ እንደ ሙሽራ ፀጉር ተበጥሮ የተጎነጎነ። እስከ ዛሬ የምትልክልኝ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ነበር፣ ሸካራ፣ እንደ ነገሩ የታሰረ። አማ ምን አደረግሽው ብላት «ይሄ እኮ አስተማሪዎችሽ ፊት ነው የሚቀርበው» አለች፤ መልሷ ይሄው ነበር። ልጇ በእሷ እጅ ሥራ እንደምትመረቅ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። ገበያ ላይ ስንት ነው ሲሏት «ይሄ ለዩኒቨርሲቲ የተያዘ ነው» እያለች ሰው እንደምታባርር ፀጊ ነገረችኝና ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሳቅ ብቻ አይደለም ግን። የፀጊ ፊት አብጧል። ጣቴን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ስጫነው ጉድጓዱ አይመለስም። ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ነገ ይሄዳሉ፣ ጥሩ ነው።

ከእራት በፊት ጥቂት ክሮች ከነወረቀታቸው ገጣጠምኩ። አዲሱ ቃጫ እጅ ላይ እንዴት ይለሰልሳል! አንዱም አልተበጠሰብኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

አደረግሁት። እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ለዶክተር ግን አልነግራቸውም።

ጠዋት ለመንገድ እየተዘጋጁ ሳለ ፀጊ «ያ ቀን ከሌት የምታወሪለት ነገርሽ ለሌላ ሴት እንጂ ለእህትሽ አይሠራም?» አለችኝ። ዶክተር በፈቃድ ከተሰጠን ናሙና ውጪ ሰው ላይ እንዳትሞክሪ ብለዋል። ግን ፀጊ ሰው ናት እንዴ? ፀጊ እህቴ ናት። ደግሞም ማየት ፈልጌ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ነገር በገዛ ቤቴ ሲሠራ ማየት ፈልጌ ነበር።

የክሩን ጫፍ ሽንቷ ውስጥ ነከርኩ። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ መብራትም የለም። በስልኬ ብርሃን አየሁት። ጠበቅሁ። ቢጫ። ደግሞ ጠበቅሁ። ቢጫ። እንዲህ የጠራ ቢጫ ላብራቶሪ ውስጥም አይቼ አላውቅም።

ነፃ ነሽ አልኳት። አማ እልል አለች። የደረጀ ፊት በአንድ ጊዜ ፈታ አለ። ግፊቱ ከድካምም ሊሆን ይችላል፣ ሐሙስ ያላት የክትትል ቀጠሮ እስኪደርስ ትረፍ፣ በዚህ ሆዷ መንገዱ ይጎዳታል አልኩ። ሦስቱም አፍ አፌን ነው የሚያዩት። እናቴ፣ እህቴ፣ የእህቴ ባል፣ በአንዲት ቢጫ ወረቀት። ደረጀ ለባለ መኪናው ደውሎ ይቅር፣ ጌታ ረድቶናል አለው። ከዚያ ተነስተን ጸለይን። ጸሎቱ ውስጥ የእኔም ስም ነበረበት።

ላብራቶሪ ውስጥ የማየው ቁጥር ነው። ዛሬ የሰው ፊት ሲበራ አየሁ። ኮርቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ኮርቻለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ቸርች ሄድን። ፀጊ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። ትናንት ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ሲገባና ሲወጣ ዋለ፣ የእሱ ድካም ነው አሉ። ይሆናል።

ስሰናበታት ተኝታ ነበር። ግንባሯን ሳምኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ «ዶክተርዬ» አለችኝ፣ እየቀለደች። እኔ ዶክተር አይደለሁም አልኳት። «ለእኔ ነሽ» አለች።

መንገዱን ሙሉ ምልክቶቿን ስቆጥር ነበር። ያ ሁሉ እብጠት፣ ያ ራስ ምታት። ግን ቢጫ ነበር። በዓይኔ አየሁት እኮ።

ሆሳዕና ስገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቃጫውን እንዳይታሸብኝ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ሆስፒታል በር ላይ ነኝ፣ አምቡላንሱን እየጠበቅሁ። ካልጻፍኩ እጮሃለሁ።

ጠዋት ላብራቶሪ ገብቼ አዲሱን ቃጫ ልፈትሽ ብዬ የእንቁላል ነጭ በውሃ በጠበጥኩ። እሱ ፕሮቲን ነው፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ ያደርጋል። ቢጫ ሆነ። ሌላ ክር ወሰድኩ። ቢጫ። ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አዲስ ቀባሁ። ቢጫ። በመጨረሻ ወረቀቷን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባኋት። ደረቅ ናት። ጠብታው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳደረ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ከክሩ ግርጌ ተቀምጧል። ቅንጣት አልወጣም።

ክሩን አሸተትኩት። ቅቤ።

ለአማ ደወልኩ። ድምፄን አስተካክዬ ቃጫውን ምን አስነካሽው አልኳት። «ቅቤ ነዋ! ለጋ ቅቤ፣ በእጄ ነው ያሸሁት። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ደረቁን ይሰጣል እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ አገር እንግዳ ፊት የቀረበ ቡላ ቅቤ ካልዋኘበት ስድብ ነው፣ አራስ ራሷ ቅቤ ካላየ ዘመድ የላትም ይባላል። የከበረ ነገር ሁሉ ቅቤ ይነካዋል። ውሃ ደግሞ ቅቤ የነካውን አይወጣም። ይህን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። እኔ የማስተርስ ተማሪዋ ክሩ እጄ ላይ ሲለሰልስ ደስ አለኝ።

ወረቀቷ እኮ መጀመሪያም ቢጫ ናት። ቅዳሜ ያየሁት የፀጊን ሽንት አልነበረም። ምንም ያልነካውን ደረቅ ወረቀት አይቼ ነው ነፃ ነሽ ያልኳት።

ለፀጊ ደወልኩ፣ አታነሳም። ደረጀ ጋ ደወልኩ፣ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ዘግቶታል። ደጋግሜ፣ ደጋግሜ። በእረፍት ሰዓት አነሳው። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት አልኩት። «ራሷን ስላመማት ተኝታ ነው የተውኳት። ምነው? አንቺ አይደለሽ እንዴ ነፃ ናት ያልሽው?» አለኝ። በኋላ እነግርሃለሁ፣ አሁን ሩጥ አልኩት። ሲሮጥ ሰማሁት፣ ስልኩን ሳይዘጋ።

ቤት ሲደርስ እየተንፈራገጠች አገኛት። ምላሷን ነክሳዋለች። ጤና ጣቢያ መርፌ ወግተው በአምቡላንስ ወደዚህ ልከዋታል።

መጣ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ትናንት አመሻሽ ላይ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ሴት ልጅ ናት። ነበረች። እስከ ዛሬ ረፋድ ድረስ ተነፈሰች። ደረጀ ትንሿን ጣቱን ሰጣት፣ ያዘችለት። ጠንካራ ናት አለን፤ ሁላችንም ጠንካራ ናት አልን። ከዚያ ለቀቀችው።

ስም አልወጣላትም።

ደረጀ በነጠላ ጠቅልሎ ከወንድሙ ጋር ወደ ዳምቦያ ይዟት ሄደ። ሊወጣ ሲል አጠገቤ ቆመ። «መኪናውን የመለስኩት እኔ ነኝ ማርቲ። በእጄ ደውዬ የመለስኩት እኔ ነኝ» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ጥቅሉን አየሁት፣ አፌን ዘጋሁ። «አንቺማ የምትችይውን አድርገሻል» ብሎኝ ሄደ። እነዚህን ቃላት ከሚናገረኝ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ፀጊ አልነቃችም። ማግኒዚየም በደም ሥሯ እየገባላት ነው። በዝቶ ከገባ ትንፋሿን ያቆመዋል፣ ካነሰ መንፈራገጡ ይመለሳል። ነርሷ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣቷ ገፋ፣ መለስ ታደርጋለች፤ ሰዓቷን ታያለች፣ ጠብታውን ትቆጥራለች፣ እንደገና ትነካዋለች። ከዚያ ሄዳ አታርፍም፤ መርፌው የገባበትን ክንድ ትዳብሳለች፣ እርጥበት እንዳለ አንሶላውን ትነካካለች። መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ መድረሱን ታረጋግጣለች። ማንም ሳያዛት፣ በአልጋው አጠገብ ባለፈች ቁጥር። ቆሜ አያታለሁ። እንዴት እንደምጠላው ራሴን!

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጠብታ አነበብኩ። አንድ ጊዜ ወረቀቷን በጣቴ ብነካት ይበቃ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

አማ ትናንት ከሰዓት መጣች። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን። አታለቅስም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ በከምባትኛ ትጸልያለች፣ መሃል መሃል ላይ የፀጊን ስም እሰማለሁ። ከቤት ያመጣችውን ምግብ ለማናውቃቸው አስታማሚዎች አከፋፈለች፣ ለእኔም በግድ አጎረሰችኝ።

ከቀትር በኋላ ድንገት ዞር አለችና «ስለ ቅቤው ለምን ጠየቅሽኝ?» አለችኝ።

ዝም ብዬ ነው አልኳት።

«ከፋ እንዴ? አስተማሪዎችሽ አልወደዱትም?»

ወደዱት አማ፣ ስላማረ ነው የጠየቅሁሽ አልኳት። ፊቷ ላይ ትንሽ ብርሃን መጣ፣ በዚህ ሁሉ መሃል፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እጇን ጭኔ ላይ አሳረፈች። የቃጫ መፋቂያው ያደነደነው እጅ ነው፣ በዚያ እጅ ፍቃ ነው ያስተማረችኝ። ይህቺ ሴት ያደረገችውን ብታውቅ አንድ ሌሊት አታድርም። ደግሞ ምን አደረገች? ልጇን አከበረች። ቅቤው የእሷ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የጠራ ነገር ይሄ ብቻ ነው።

የፀጊ ግፊት ትንሽ ወርዷል። ዓይኗ ግን አልተገለጠም። ሐኪሙን ትነቃለች ወይ ስለው «እንጠብቅ» አለኝ። የሚሉት ሲያጡ የሚሉት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

አማን አልጋው አጠገብ ትቼ ዶክተር ሀብታሙ ቢሮ ሄድኩ። በመንገድ ላይ እንዴት እንደምጀምር ሳዘጋጅ ነበር፤ ስገባ ሁሉም ጠፋኝና ከመጨረሻው ጀመርኩ። ልጅቷ ሞታለች አልኳቸው። የማን ልጅ አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነገርኳቸው፤ አምቡላንሱን፣ ቅቤውን፣ ቅዳሜን።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት ሰው ላይ እንደሞከርኩ ነው። እሷ ላይ ብቻ አልኩ። ከዚያ ቃጫ ለሌላ ሰው ሰጥቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልሰጠሁም፤ ሁሉም ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ቆልፌበታለሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። እንዲጮኹብኝ ፈልጌ ነበር። ሁለተኛዋን ነጥብ ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላነሷትም። አለማንሳታቸው ባሰብኝ።

ዲፌንሱ ይቆያል። ለሚመለከተው ኮሚቴ በጽሑፍ ያሳውቃሉ፤ ሊያባርሩኝም ይችላሉ፣ አልደበቁኝም። ሁሉንም አቃጥዬ ልተወው ነው ስላቸው «ማቃጠልማ ቀላል ነው» አሉ። ክሩ ቅባት ሲነካው ምን እንደሚሆን፣ ደረቁ ቢጫ ከእርጥቡ ቢጫ በዓይን እንደማይለይ፣ እንዴት እንደተሳሳትሽ፣ ሁሉንም ጻፊው፤ ሌላ ሰው ነገ ይህንኑ እንዳይሠራ አሉኝ። ከዚያ ለቤተሰቡ ነግሬ እንደሆነ ጠየቁኝ። ገና ነኝ አልኩ።

«እሱ ከጽሑፉ ይቀድማል» አሉ። እስከ በሩ ሸኙኝ። ከዚህ በፊት ሸኝተውኝ አያውቁም።

ሆስፒታል ስመለስ አማ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «ውሃ ስጪኝ አለችኝ» አለች። ፀጊ ውሃ ስጪኝ ብላለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ፀጊ ዛሬ ትናገራለች። ዓይኗ ግን አልጠራም፣ ሰው የሚታየኝ በጭጋግ ውስጥ ነው ትላለች። ሐኪሙ በቀናት ውስጥ ይመለሳል ብሏል። እኔ ከእንግዲህ የማምነው ሳየው ነው።

ስለ ልጅቷ የነገረቻት አማ ናት። እኔ ፈርቼ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ጩኸት ጠብቄ ነበር፣ ምንም አልተሰማም። ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፣ የሚያዝ ነገር ያለ ይመስል።

ከዳምቦያ የቸርች ሰዎች መጡ። ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ጌታ ሰጠ ጌታ ነሳ አሉ። አንዲት እናት «የማንም ጥፋት አይደለም ልጄ፣ ጊዜዋ ነው» አለቻት። ፀጊ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ወለሉን አየሁ። የእኔን ጥፋት ለእግዚአብሔር አሸክመውት ሲሄዱ ዝም ብዬ ማየት ከበደኝ።

ሁሉም ወጡ። አማ ልትሸኛቸው ወረደች። ያኔ ለፀጊ ነገርኳት። ክሩ ቅቤ ነበረው፣ ፈሳሹ አልደረሰም፣ ያ ቢጫ ደረቅ ነበር አልኳት። መድረሱን የሚያሳይ ነገር ጨምሪ ተብዬ አልጨመርኩም፣ ሰው ላይ አትሞክሪ ተብዬ ሞከርኩ፣ በጣቴ እንኳ ነክቼ አላየሁም አልኳት። ደረጀ መኪናውን የመለሰው እኔ ስላልኩት ነው አልኳት። አላለቀስኩም። ባለቅስ እሷ ልታባብለኝ ትሞክር ነበር፤ አውቃታለሁ።

እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ ጎንበስ ስል «አማ ታውቃለች?» አለችኝ።

አታውቅም አልኩ።

«የቅቤውን እንዳትነግሪያት። እስክትሞት እንዳትነግሪያት።»

እሺ አልኩ። ይቅር በይኝ አልኳት።

«አሁን አትጠይቂኝ» አለች። «ጡቴ ወተት ሞልቶ ያመኛል ማርቲ። ይህን ይዤ ይቅርታ አትጠይቂኝ።»

ነርሷ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክራ ሰጠችኝ። እኔ ጡቷ ላይ ያዝኩላት። ጨርቁ በወተት ራሰ፣ ቀየርኩት፣ እንደገና ራሰ።

ቆይታ «ደረጀን በስልክ ሰማሁት፣ ራሱን እየበላ ነው። ሲመጣ አንቺ ንገሪው። እዚሁ፣ እኔ ባለሁበት። የአማን ሳይሆን ያንቺን» አለችኝ። ምን ይለኛል አላልኳትም። ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ ቢለኝም እውነቱን ነው።

ደረጀ ዱራሜ መድረሱን ደውሏል፣ ሚኒባስ እየጠበቀ ነው። አማ እግርጌ ላይ ተኮራምታ አሸልባለች። ፀጊም እንቅልፍ ወስዷታል። ቀኝ እጄን ስለያዘችው በግራ እጄ እየሞነጫጨርኩ ነው፣ ነገ ራሴም አላነበውም። ደንዝዞብኝ ላወጣው ስሞክር በእንቅልፏ ጨበጥ ታደርገዋለች። ይቅር ልትለኝ ጀምራ ይሁን ወይስ እንዳልሸሽ ይዛኝ፣ አላውቅም።